ረጂው ማን ነው?

ክረምት ሲገባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሞ መንገደኛ የሚቀበል ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ፣ ትልልቅ ቦርሳ በጀርባቸው ያዘሉ፣ ዕድሜያቸው ከሃያ ብዙም ያልዘለለ ፈረንጆች በቡድን በቡድን ሆነው ይወጣሉ። ቱሪስት እንዳይባሉ ካናቴራቸው ላይ የድርጅት ስም አለ። ነጋዴም አይመስሉም። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ቤታቸው ለእረፍት ሲዘጋ "በጎ ፈቃደኛ" ተብለው ሊረዱን መጥተዋል። ኮሮናውም፣ የጸጥታውም ነገር በየጊዜው መንገዱን ቢያደናቅፈውም ልማዱ አልቀረም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ መኪና ይሳፈሩና ጅማን አልፈው፣ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ቦንጋ ይገባሉ።

እንዳልታማ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በሃያ ዓመቱ የእረፍት ጊዜውን ባሕር ዳር ተጋድሞ ማሳለፍ ሲችል የካፋን ጭቃ ሊረግጥ የመጣን ልጅ መስደብ ነውር ነው። ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው። ስለ ልጆቹ ጠባይ ምንም አቤቱታ የለኝም። ጥያቄዬ ስለ ሒሳቡ ነው። ይህ "እርዳታ" ተብሎ የተሰየመው ነገር በእርግጥ ማን ማንን የሚረዳበት ነው? መዝገቡ ተከፍቶ ገቢና ወጪው ቢተሳሰብ ባለዕዳው ማን ሆኖ ይገኛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለሌላ ጉዳይ ካፋ ሄጄ ሳለሁ፣ ከቦንጋ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ እንዲህ ያለ ቡድን በሥራ ላይ አይቻለሁ። አሥራ ሁለት ይሆናሉ። የቆይታቸው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ሁለት ክፍሎች ቀለም ይቀባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለሕፃናት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ሥራው በሳቅ የታጀበ ነው። ፎቶ ይነሣል፤ ዘፈን ይዘፈናል። ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው።

ግን እኮ ወሩ ነሐሴ ነው! ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑን የዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ክፍሉን የሞሉት ልጆች ከየት መጡ? በአስተርጓሚ አንዲት እናት ጠየቅሁ። "ምን ላድርግ ልጄ" አሉኝ፤ "ቀበሌው 'እንግዶቹ ባዶ ክፍል ካዩ ይከፋቸዋል፣ ልጅ ላኩ' አለን። ላክን። ከብቱን እኔው እጠብቃለሁ።" ምሬት አልነበረባቸውም። እንግዳ መጥቶ ቤት ሲጠብ እንደሚደረገው፣ ትንሽ ተጠጋግቶ ማሳለፍ ነው የመሰላቸው።

አጥሩን ተደግፎ የሚያይ አንድ ወጣትም ነበር። ቀለም በመቀባትና የሣር ቤት ወደ ቆርቆሮ በመለወጥ ነው የሚተዳደረው። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ይሄን በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው። ጠርዙን አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ መስኮቱ ላይ ፈስሷል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ሳይነካ ቀርቷል። የእንግዶቹ ጉልበት ነፃ ስለሆነ የእሱ ጉልበት በዚያ ክረምት ገዢ አጣ። ቁጥሩን ከፍ አድርገን አንየው፤ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ነገር ግን "ለመርዳት" የመጣ ሥራ ለአካባቢው ሰው ሊሰጥ የሚችለውን የሁለት ቀን ደመወዝ ከነጠቀ፣ ስሙን መለስ ብለን ብናስብበት አይከፋም።

ዋናው የታመመው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። ፕሮጀክቱ የተቆረጠው በእንግዳው የእረፍት ጊዜ ልክ ነው፤ ካፋ የሰው እጅ የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ የጠየቀ የለም። የጫካው ቡና መቅላት ሲጀምር፣ ከመስከረም ማብቂያ አንሥቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ጫካ ይወርዳል። ዝንጀሮው ይሻማል፤ ዝናቡ ድንገት ይመጣል፤ የተለቀመው ቡና ሳይሻግት መድረቅ አለበት። ያኔ አንድ ጥንድ እጅ ቢጨመር ዋጋ ነበረው። ያኔ ግን ካናቴራ ለባሾቹ በየዩኒቨርሲቲያቸው ክፍል ውስጥ ናቸው። ለአገሩ ገበሬ በማያስፈልግ ወር ይመጣሉ፤ በሚያስፈልግ ወር የሉም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንድ ተማሪ ለሦስት ሳምንት ቆይታ የአውሮፕላን ትኬት፣ የጤና መድን፣ የቪዛና ጉዞውን ያዘጋጀለትን ድርጅት ክፍያ ሲደምር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። በአሥራ ሁለት አባዙት። ከዚህ ውስጥ ቦንጋ የሚደርሰው የመኝታ፣ የምግብ፣ የመኪና ኪራይና የጥቂት ባልዲ ቀለም ዋጋ ነው። ተማሪው ግን በለውጡ ባዶ እጁን አይመለስም። የምስክር ወረቀት አለው። የሥራ ማመልከቻው ላይ "በአፍሪካ አገልግያለሁ" የሚል መስመር ይጨምራል። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነጥብ ይሰጥለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ዓለም አይቷል፤ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቡና ከጫካ እንዴት እንደሚለቀም፣ ሰው መብራት በሌለበት ምሽት እንዴት እንደሚጫወት ተምሯል። ይህ ትምህርት በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ የኮርስ ክፍያ ይጠየቅበት ነበር። እኛ በነፃ ሰጥተን "እግዜር ይስጥልን" ብለን እንሸኘዋለን።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዓመቱ፣ በ1962፣ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች በሃሪስ ዎፎርድ እየተመሩ ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። ዛሬ ሽበት ያወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተማራቸውን የሰላም ጓድ በስሙ ያስታውሱታል። ከነዚያ አስተማሪዎች አንዱ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ነበር፤ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነ፤ በ1992ም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ካፋን በሚያዋስነው በኢሉባቦር፣ መቱ ላይ ያገለገለው ጆን ጋራሜንዲ ደግሞ የካሊፎርኒያ የኮንግረስ አባል ለመሆን በቃ።

እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን ረድተዋል? አዎን። ግን ልብ በሉ፤ የቆይታቸው ጊዜ ሁለት ዓመት ነበር። ከመምጣታቸው በፊት አማርኛ እንዲማሩ ተደርጓል። የሚሠሩት በተመደበ የሥራ መደብ፣ በትምህርት ቤት ዓመት ውስጥ፣ በዳይሬክተር ሥር ነበር። የሚቀሩበት ምክንያት ካልኖረ በቀር ፈተና አውጥተው፣ አርመው፣ ውጤት ሞልተው ነው የሚሄዱት። እንዲያም ሆኖ ከትችት አላመለጡም። በስልሳዎቹ ማብቂያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የኛው ተማሪዎች የሰላም ጓድ ከአገር እንዲወጣ ጠይቀዋል። ድርጅቱ በ1977 ከኢትዮጵያ ወጣ፤ በዘጠናዎቹ ተመልሶ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ አቋረጠ፤ በ2007 እንደገና መጣ፤ በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት በዓለም ዙሪያ የነበሩትን በጎ ፈቃደኞቹን ሁሉ ሲያስወጣ ከዚህም አስወጣቸው።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ክፍል ይዞ ያስተማረው ሰው ሲተች ከነበረ፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግድግዳ የሚቀባውን ምን እንበለው?

ይህ የፈረንጅ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም ቀምሰነዋል፤ ሠርተነዋልም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በገጠርና በክፍለ ሀገር ከተሞች እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆኑ። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ። "ገበሬውን ልናነቃ" ብለው የሄዱ የከተማ ልጆች ገበሬው ከነሱ በፊት ነቅቶ፣ ወተቱን አልቦ፣ ማሳው ላይ ሲጠብቃቸው አገኙት። የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ የማያውቀው ብዙ ነበር። ዘማች የነበሩ ሰዎች ሲያወጉ ስሰማ ያስተማሩትን ሲቆጥሩ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የሚያወሩት የተማሩትን ነው። አንዱ በሬ መጥመድን፣ አንዱ ረሃብን፣ አንዱ ደግሞ አገሩ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ እንዳልሆነ ተምሮ ተመልሷል።

ከዚያ ሁሉ አንድ ቁም ነገር ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በአማርኛ ብቻ ማስተማር እንደማያዋጣ ታውቆ፣ ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጠ። ከነዚያ አንዱ ከፋ ሞቻ ነበር። የዚያን ሥርዓት ኃጢአት የምዘነጋ ሰው አይደለሁም። ግን የካፋ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ፊደል እንዲቆጥር የተደረገበት ያ ውሳኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ማስተማር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ወደ ተማሪው ቋንቋ መሄድ አለበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ካፊ ኖኖ ተናጋሪ የሚሆን ፈረንጅ የለም። አማርኛም አይለምድም። ስለዚህ በነሐሴ የተሰበሰቡት ልጆች ከእንግሊዝኛው ትምህርት የቀሰሙት ምንድን ነው? አንድ መዝሙርና የቀለማት ስም። እሱንም ቢሆን የራሳቸው መምህር አስቀድሞ አስተምሯቸዋል።

ቋንቋ ሳይኖር የማይታይ ሌላም ነገር አለ። ካፋ እንደማንኛውም የአገራችን ክፍል የራሱ የውስጥ ቁስል አለው። ማንጆ የሚባለው የኅብረተሰብ ክፍል ለረጅም ዘመን ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርብ፣ ቤት እንዳይገባ ተገልሎ ኖሯል። ሕጉ እኩል ቢያደርገውም ርዝራዡ ከልማድ አልጠፋም። ሦስት ሳምንት የሚቆይ እንግዳ ከፊቱ የተሰለፉትን ልጆች ያቅፋል፣ ከረሜላ ያድላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከኋላ ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ ጭራሹንም ያልተጠሩት እነማን እንደሆኑ በምን ያውቃል? ቀበሌው ያቀረበለትን "ማኅበረሰብ" ብሎ ይዞ ይሄዳል። ባለማወቁ የምወቅሰው አይደለም። ግን የማያውቀውን መንደር "ረድቼ መጣሁ" ሲል ዝም ብዬ አልሰማውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከኔ እጅግ የመረረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪዬና የተወለደው የካቶሊክ ቄስ ኢቫን ኢሊች ሜክሲኮ ውስጥ ለበጎ ፈቃድ ሥራ የተሰናዱ የአሜሪካ ተማሪዎችን ሰብስቦ ፊት ለፊት ነገራቸው። አገር ለማየት፣ ለመማር ከሆነ ኑ፤ ለመርዳት ከሆነ ግን እባካችሁ ቅሩ፤ የንግግሩ ፍሬ ይህ ነበር። የሚያናግሩት ድሃ ቋንቋውን ስለማይችሉ እንኳ ምን ያህል እንደሚያስቸግሩት ሊነግራቸው እንደማይችል አስረዳቸው። ይህ ከተነገረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተማሪዎቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። እኔ በግማሹ ከቄሱ ጋር እስማማለሁ። "ቅሩ" የሚለውን ግን አልቀበለውም። ይምጡ! ቦንጋ እንግዳ አይጠላም። የሚስተካከለው ስማቸውና ውላቸው ነው።

ይህን ስል የውጭ ሰው እጅ ካፋን አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። የቦንጋን ደን እንውሰድ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር በዚያ ሲጀምር፣ ነገሩ የሦስት ሳምንት ጨዋታ አልነበረም። ገበሬው ተደራጅቶ፣ ከመንግሥት ጋር ውል ፈርሞ፣ ደኑን እየጠበቀ እንዲጠቀምበት ለማድረግ ዓመታት የፈጀ ስብሰባ፣ ክርክርና ድርድር ጠይቋል። የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡም ለዓመታት እዚያው ቆይቶ ሠርቷል። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ፣ 760,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን አገር፣ ደኑም ማሳውም ከተማውም በአንድ መዝገብ ገባ። በ2014 ደግሞ የውጭና የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች አንድ ላይ ሆነው በደኑ ውስጥ ያለውን እንስሳና ዕፅዋት ቆጥረዋል። እነዚህ ሰዎች የመጡት በሙያቸው ነው። እንቁራሪት የሚያጠናው እንቁራሪት ሊያጠና መጣ፤ ግድግዳ ልቀባ አላለም። ዛፉን በካፊ ኖኖ ስሙ የሚጠራው፣ አውሬው ውኃ የሚጠጣበትን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ባይመራው ደግሞ ሳይንቲስቱ ጫካው ውስጥ ይጠፋ ነበር።

ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው። ጊዜ አለ፤ ውል አለ፤ ሙያ አለ፤ የአገሩን ሰው ዕውቀት እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ደመወዝ የመክፈል ልማድ አለ። በእነዚህም ላይ ቢሆን ብዙ የሚተች ነገር ይኖራል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ መኪናውም ሰውየውም አብረው የሚጠፉበትን ስንት ቦታ እናውቃለን። ግን ቢያንስ ተጠያቂ አለው። ግድግዳ የቀባውን ቡድን ግን በመስከረም ማን ብለህ ትጠይቀዋለህ?

እስካሁን ስለ እንግዳው አወራሁ። ስለ ባለቤቱም ላውራ፤ ከበደሉ የሚበልጠው ድርሻ የኛ ይመስለኛልና።

እኛ እንግዳ ምን ይዞ ቢመጣ "ምን አስቸገረህ" እንላለን፤ "ይህ አይጠቅመኝም" ማለት አልተማርንም። ይሉኝታ ለሰርግና ለለቅሶ ጥሩ ነገር ነው። ለልማት ሥራ ግን መርዝ ነው። የቡድኑ አስተባባሪ በመጨረሻው ቀን ቅጽ ይዞ ይመጣና "ረክታችኋል?" ብሎ ይጠይቃል። ዳይሬክተሩ "በጣም" ይላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር "እጅግ በጣም" ይላል። እናትየው በአስተርጓሚ "እግዜር ያክብርልኝ" ይላሉ። ቅጹ ይሞላል፤ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አሥራ ሁለት ልጆች ለመመልመል ማስረጃ ይሆናል። ማንም አልዋሸም። እውነቱን የተናገረም ግን የለም።

ባለሥልጣኖቻችንም አሉበት። ፈረንጅ ሲመጣ ጨርቅ ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይጻፋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ስብሰባ ተቋርጦ ንግግር ይደረጋል። በዚያችው ከተማ ግን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማዋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። ተመርቆ ሥራ አጥቶ ቤተሰቡ ጋ የተቀመጠ ወጣት መኖሩን በየቀበሌው ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ቋንቋውን ያውቃል፤ መንገዱን ያውቃል፤ የማን ልጅ ከኋላ እንደተቀመጠ ያውቃል። ይህ ልጅ "በክረምት በነፃ ላስተምር" ብሎ ቢሮ ቢገባ ቄጠማ የሚጎዘጉዝለት አለ? "ማመልከቻ አስገብተህ ሰኞ ተመለስ" ነው የሚባለው። የሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ምሩቃንን ከትውልድ ቀያቸው ውጭ እያሰማራ የሚያሠራው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሐሳቡ መልካም ነው። የኛን ልጅ በፈረንጁ ልክ የሚያከብር ዓይን ግን በመመሪያ አይመጣም።

በካፋ ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው ቡና ከዚህ ምድር ጫካ የወጣ ነው፤ የማንኪራን ጫካ ያየ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን የዓረቢካ ቡና ዋጋ ኒው ዮርክ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የካፋ ገበሬ ድምፅ የለበትም። የሰጠው እሱ ነው፤ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላ ነው። የበጎ ፈቃዱም ጉዳይ በትንሹ ይህንኑ ይመስላል። ካፋ ለወጣት ተማሪዎች ሕይወታቸውን የሚለውጥ ትምህርት ይሰጣል። ዋጋውን፣ ጊዜውንና ስሙን የሚቆርጡት ግን በሌላ አገር ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ስሙንም "እርዳታ" ብለውታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትችት ብቻ ጽፎ ብዕር መክደን አይገባም።

አንደኛ፣ የሚመጣው ተማሪ ተማሪ ይባል። ሊማር መጥቷልና ይማር። ሦስት ሳምንት ለማስተማር አጭር ነው፤ ለመማር ግን ጥሩ ጅማሮ ነው። ከቡና ገበሬው ጋር ጫካ ይግባ፤ ከንብ አናቢው ጋር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ይይ፤ ጠዋት ጠዋት ካፊ ኖኖ ይማር። እንግዳው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸውና መምህሮቹ እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መምህር ይከፈለዋል። ለጉዞ አዘጋጁ በሺዎች የሚከፍል ተማሪ ለቋንቋ አስተማሪው፣ ለደን መሪው፣ ላሳደረችው እናት ክፍያ ቢጠየቅ አይገርመውም። ለትምህርት መክፈልን ለምዶታል።

ሦስተኛ፣ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌውና ትምህርት ቤቱ ይሁን። ዝርዝሩ ውስጥ "ምንም አያስፈልገንም" የሚል አማራጭ ይኑር። ቀለም ከሆነ ያስፈለገው፣ የቀለሙን ገንዘብ ሰጥቶ ለቀለም ቀቢው ወጣት ሥራውን መተው ይቻላል። አንድ ሙያ ይዞ የሚመጣ፣ ብዙ ወር የሚቆይ ሰው ካለ ደግሞ በእንግዳ ሳይሆን በሠራተኛ ወግ፣ በአለቃ ሥር ይሥራ።

አራተኛ፣ ብቻውን አይምጣ። አንድ የውጭ ተማሪ በመጣ ቁጥር አንድ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብሮት ይመደብ። በእኩል ማዕረግ፣ በእኩል የኪስ ገንዘብ። ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ቡድኑ ቢበተን እንኳ ግማሹ ዕውቀት እዚሁ ይቀራል።

አምስተኛው ትንሽ ፈተና ነው። ማንኛውንም እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመቀበላችን በፊት ገልብጠን እንየው። አንድ የቦንጋ ልጅ ጀርመንኛ ሳያውቅ፣ የማስተማር ፈቃድ ሳይኖረው፣ ለሦስት ሳምንት ጀርመን መንደር ሄዶ በእረፍት ጊዜያቸው ከቤት የተጠሩ ሕፃናትን ላስተምር ቢል ይፈቀድለታል? ከሕፃናት ጋር ለመዋል በመጀመሪያ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ይጠየቃል። ቪዛውንስ ያገኛል? ከዚህ አንጻር ጀርመኖች ራሳቸው ያደረጉት አንድ ነገር ያስመሰግናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣቶቻቸውን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ወደ ውጭ የሚልኩበትን "ቬልትቬርትስ" የተባለ ፕሮግራም ጀመሩ፤ ከ2013 አንሥቶ ደግሞ በሩን በሌላም ወገን ከፍተው ከደቡብ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች ጀርመን ውስጥ እንዲያገለግሉ ፈቀዱ። መንገድ ሁለት አቅጣጫ ሲኖረው መንገድ ይባላል። የኛ ዞንና ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አጋር ጋር ሲፈራረሙ ይህን በውላቸው ውስጥ ለመጠየቅ ምን ያግዳቸዋል? ይሉኝታ ካልሆነ በቀር።

ስለ ምስክር ወረቀቱም አንድ ነገር ልበል። ዛሬ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በውጭው ድርጅት ማኅተም የተመታ፣ ተማሪው የካፋን ሕዝብ መርዳቱን የሚመሰክር ነው። እሱ ይቅርና ሌላ ይጻፍ። በካፊ ኖኖና በአማርኛ ይሁን። ጫካ ይዞት የገባው ገበሬ፣ ቋንቋ ያስተማረችው መምህርት፣ ያሳደረችው እናት ይፈርሙበት። "ይህ ተማሪ እኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ተምሯል" ይበል፤ ከሥሩም ውጤቱ ይሞላ። በትጋት ስንት፣ በትሕትና ስንት፣ በቋንቋ ስንት። ጎበዝ የነበረው ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ የተኛውም የሚገባውን ያገኛል። ያን ወረቀት ይዞ አገሩ የገባ ልጅ፣ የት እንደነበርና ከማን እንደተማረ ሲጠየቅ፣ የሚጠራው ስም ይኖረዋል።